«መርፌያማ» ወይስ «መርፌ መሰል»?

ጥያቄ፦ ስለ ማዕድናት የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። እንደ መርፌ ቀጥነው የወጡትን ክሪስታሎች «መርፌያማ» አልኳቸው። አራሚዬ «መርፌ መሰል» ብሎ ቀየረው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ነው። የእርስዎን ቃል ግን አይጣሉት፣ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

«-አማ» በአብዛኛው የሚነግረን ብዛትን ነው። ድንጋያማ መሬት ድንጋይ የበዛበት እንጂ ድንጋይ የሚመስል አይደለም። ተራራማ፣ ደመናማ፣ እሾሃማም እንዲሁ። «ወርቃማስ?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ወርቃማ፣ ብርማ፣ ቡናማ ስንል መምሰልን እየተናገርን ነው። ግን በቀለም ነው የሚመስሉት። ለቅርጽ ሲሆን የለመድነው «መሰል»ን ነው። «መርፌያማ» የሚል ቃል ሲሰማ የአማርኛ ጆሮ የሚረዳው «መርፌ የሞላበት» ብሎ ነው።

አሁን ኳርትዝ የሚባለውን ማዕድን እንውሰድ። አንዳንዱ ጥርት ያለ ኳርትዝ ውስጡ ሩታይል በሚባል ሌላ ማዕድን ቀጫጭን ክሪስታሎች ተሞልቶ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ወርቃማ ናቸው። እዚህ ላይ ሁለቱም ቃል ሥራ አለው። ሩታይሉ መርፌ መሰል ነው፤ ኳርትዙ ደግሞ መርፌያማ። ቋንቋው የያዘውንና የተያዘውን እንዲህ ሲለይልን በጣም ደስ ይለኛል። ቃላቱን ካቀያየርናቸው አንባቢው ኳርትዙ ራሱ የቀጠነ ይመስለዋል።

አስቤስቶስ በሚባሉት ማዕድናት ላይ ግን «መርፌ መሰል» ከማለትዎ በፊት ቆም ይበሉ። ክሪሶታይል የሚባለው ዓይነት ይተጣጠፋል፣ እንደ ቃጫም ይተረተራል። እሱን «ክር መሰል» ወይም «ቃጫ መሰል» ብንለው ይሻላል። መርፌ ስንል ድርቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ ነገር ነው በዓይናችን የሚመጣው። ናትሮላይት የሚባለው ማዕድን እንደዚያ ነው፤ ክሪስታሎቹ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ተነስተው እንደ ጨረር ይበተናሉ።

ጫፉን ሲገልጹ «ሹል» ይበሉ፣ «ስል» አይደለም። እርሳስ ይሾላል፣ ቢላ ይሳላል። «ስለት መሰል» የሚለውን እንደ ካያናይት ጠፍጠፍና ረዘም ብለው ለሚወጡት ማዕድናት ያቆዩት።

ብዙ ቁጥር ሲሆንም «መሰል»ን አይንኩት። «መርፌ መሰል ክሪስታሎች» ይበቃል፤ «መርፌ መሰሎች ክሪስታሎች» አይባልም።