መልስ፦ ዳኛ መቀየር ብቻውን አያድሰውም

«ዳኞቹን በታዋቂ ዘፋኞች ብንተካ አሜሪካን አይዶልን የመሰለ የቆየ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ይታደሳል?» ላልከው፣ እኔ አይታደስም እላለሁ። ታዋቂው ዳኛ ሳይመን ካወል እ.ኤ.አ. በ2010 ከለቀቀ በኋላ ጄኒፈር ሎፔዝ፣ ማራያ ኬሪና ኒኪ ሚናጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ተመልካቹ ግን እየሳሳ ሄደ፤ የሚያሰራጨው ጣቢያ ፎክስም በ2016 ዘጋው።

ትልቁ ችግር ድምፅ አሰጣጡ ላይ ነበር። አንድ ሰው ለሰዓታት ደጋግሞ መደወል ስለሚችል፣ ውጤቱን የሚወስነው የተመልካቹ ብዛት ሳይሆን የጥቂት ደጋፊዎች ትጋት ሆነ። ከ2008 እስከ 2012 አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉት ጊታር የሚጫወቱ ነጭ ወንዶች ናቸው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ከተገመተ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገደብ አብጁ፤ ከአንድ ስልክ ለአንድ ተወዳዳሪ ቢበዛ 10 ድምፅ ይበቃል። ከዚያ ውጤቱን ለማግስቱ አታሳድሩ። ሌላው ጣቢያ ኤቢሲ ውድድሩን በ2018 ሲመልሰው፣ ሕዝቡ እያየ መርጦ ውጤቱ በዚያው ምሽት እንዲነገር አደረገ። ይህ የሚሠራው ግን ስርጭቱ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ከሆነ ብቻ ነው፤ በምሥራቅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በምዕራብ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ምዕራቡ ዘግይቶ የሚያይ ከሆነ ድምፁ ዋጋ ያጣል።

አዲስ ሕግ ስትጨምሩ በአንድ የውድድር ዘመን አንድ ብቻ ይሁን። ዳኞቹ አሠልጣኞችም የሆኑበት ሌላው የዘፈን ውድድር ዘ ቮይስ፣ አንዱ አሠልጣኝ የጣለውን ተወዳዳሪ ሌላው የሚወስድበትን የተሸናፊ ነጠቃ በ2012፣ አንዱ አሠልጣኝ ሌላው ተወዳዳሪውን እንዳያገኝ የሚያግድበትን ቁልፍ ደግሞ በ2018 ነው ያስገባው፤ አሠልጣኞቹ ጀርባ ሰጥተው ድምፁን ብቻ ሰምተው ወንበር የማዞሩን ነገር ግን አልነካውም።