ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ለአሠሪዬ ልናገር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አምና ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኘብኝና ኢማቲኒብ የሚባለውን ኪኒን ጀመርኩ። ለክትትል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ እመላለሳለሁ። ለአሠሪዬ አልተናገርኩም፤ በሄድኩ ቁጥር ከዓመት ፈቃዴ ላይ ስወስድ ፈቃዴ አለቀ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ሆቴሉ ጢም ብሎ ይሞላል፣ የማታ ፈረቃ ይበዛብኛል። እናቴ «ሥራው ይቅርብሽና ደባት ግቢ፣ እኔ አስታምምሻለሁ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አቅምሽ እስከፈቀደና ሐኪምሽ እስካልከለከለሽ ድረስ ሥራሽን አትልቀቂ። ያንቺው ሕመም እኔም ላይ አለ። ያንኑ ኪኒን እየዋጥኩ አራዳ ገበያ አጠገብ ባለ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኜ እሠራለሁ። ብር ስቆጥር ጣቶቼን ቁርጥማት ይይዛቸውና እንደታጠፉ ይቀራሉ። ጠዋት ጠዋት የዐይኔ ዙሪያ ያብጣል፤ ደንበኞች «ምነው፣ ስታለቅሺ አደርሽ እንዴ?» ይሉኛል። ሁለቱም የመድኃኒቱ ጣጣ ናቸው። ቢብስብሽ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ መጠን አትቀንሺ፣ ቀንም አትዝለዪ። እየተዘለለ ሲወሰድ በሽታው መልሶ ያንሰራራል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል።

አሁን ወደ ፈቃድሽ። የዓመት ፈቃድ ለእረፍት የተሰጠሽ ነው፤ ለሕመም ሌላ መብት አለሽ። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 እና 86 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ለእኔና ላንቺ ትልቁ ነገር ግን ቀኖቹ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን ተነጣጥለውም መቆጠራቸው ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን፣ ሌላ ጊዜ ሦስት ቀን ብትቀሪ ያው ከዚሁ ይታሰባል። የሚፈለግብሽ መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም የተሰጠ የሐኪም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከጥቁር አንበሳ ስትወጪ የፈቃድ ቀኑ ያልተጻፈበት፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘሽ አትምጪ። ድንገት ከቀረሽ ደግሞ በማግሥቱ አሳውቂ።

ይህ ሁሉ ሳይናገሩ አይሆንም። ለሥራ አስኪያጁ ንገሪ፤ ለወጥ ቤቱ ሁሉ ግን መንገር የለብሽም። የጥምቀት የፈረቃ ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት፣ ወረቀቱን ይዘሽ ቢሮው ግቢና እንዲህ በይው፦ «የደም ሕመም አለብኝ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፤ ሰው ላይ አይተላለፍም። ቀጠሮዬን ቀደም ብዬ አሳውቅዎታለሁ። የማታው ፈረቃ ስለከበደኝ በቀን ያድርጉልኝ።» አይተላለፍም የሚለውን አትርሺ። ብዙ ሰው በመብል፣ በትንፋሽ ወይም በመጨባበጥ የሚጋባ ይመስለዋል፤ ሆቴል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያስርባል።

ኪኒኑን ከዋናው ምግብሽ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ውሰጂ። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፤ እኔን ምሳ ሳልበላ የዋጥኩ ቀን እስከ ማታ ያጥወለውለኛል። በገሃድም ሆነ በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ስትቀምሺ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ልታደርጊው ትችያለሽ። የሚከብድሽ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም። ጠበልሽንም ጠጪ፣ ኪኒንሽን ግን በጠበል አትተኪ። የባህል መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። ትዳር ካሰብሽም እንዲሁ፤ ኢማቲኒብ እየወሰዱ ማርገዝ ለፅንሱ አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

እናትሽን አትቆጪያት። እሷ የምታውቀው ካንሰር አልጋ ላይ የሚጥለውን ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከመፈቀዱ በፊት ሲኤምኤል የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም ነበር። ዛሬ ክኒኑን ሳያቋርጡ ከሚወስዱት አብዛኞቹ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፣ ይሠራሉም። ይህን ቁጭ ብለሽ አስረጃት። ለምርመራውና ለአዲስ አበባው ትራንስፖርት የምትከፍዪው በዚሁ ደመወዝ እንደሆነም ንገሪያት። ወደ ደባት በእረፍትሽ ቀን ሂጂላት፤ ያኔ ታስታምምሽ።

አንድ ነገር ግን ፈረቃ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሆቴሉ ጥር 11 ቀን ሞልቶ ቢፈስ እንኳ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዘሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቁልፉንና መዝገቡን ማን እንደሚረከብሽ ከአንዲት ባልደረባሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሪ።