የሚያልፍ መኪና አይከፍልም

እርስዎ እያልሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ እኔ ግን አንቺ ልበልሽ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሻል። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር የሚተክል አንድ ድርጅት በመስክ ቴክኒሻንነት ሊቀጥርሽ ነው፤ ደመወዙ ግን ትንሽ ነው። አባትሽ ደግሞ «ተመርቀሽ ብሎን ልታጠብቂ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ዋናው መንገድ ዳር ባዶ መሬት አላቸው። ቁጠባቸውን አውጥተው ባለ 150 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ሊተክሉና አንቺን ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጉሽ አስበዋል። «መኪና ሲያልፍበት ነው የሚውለው» አልሽኝ።

እንድጽፍልሽ ያደረገችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። የሚያልፍ መኪና አይከፍልም። የሚከፍለው የሚቆመው ነው።

ነዳጅ ለመቅዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቻርጅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። በ50 ኪሎዋት ቻርጀር ከ40 ደቂቃ በላይ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ መሬት ላይ ምን ይሠራል? መጸዳጃ አለ? ጥላ አለ? የሚበላ ነገርስ? ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቆምም። መንገደኛ ማታ የሚያድርበት ሆቴል ግን ባለ 7 ኪሎዋት ዘገምተኛ ቻርጀር ቢኖረው፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላለታል። እዚያ ፈጣን ቻርጀር ማን ይፈልጋል? ሰው የሚቆይበትን ጊዜ ሳታውቂ የቻርጀሩን ጉልበት መምረጥ አትችዪም።

150 ኪሎዋቱም ቢሆን የሚሠራው መኪናው መቀበል ከቻለ ብቻ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው መኪናው ነው። ብዙ መኪኖች ያን ያህል አይስቡም፤ የሚስቡትም ባትሪው ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ ይቀንሳሉ። እናንተ ግን የከፈላችሁት ለሙሉው ነው። እንዲያውም በብዙ አገር ትልቅ ደንበኛ የሚከፍለው ለተጠቀመበት ኃይል ብቻ አይደለም። በወሩ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ለሳበው ከፍተኛ ጉልበትም ይከፍላል። ወሩን ሙሉ ሁለት መኪና ብቻ ቢመጣም ያቺ ሂሳብ ትመጣለች።

በወረቀት ላይ አስቢው። ባለ 50 ኪሎዋት ቻርጀር በቀን 2.4 ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ ከሠራ የሸጠው 120 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ከአቅሙ 10 በመቶ ነው። የቀረውን ከ21 ሰዓት በላይ ቆሞ ይውላል፣ ያድራል።

እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ። ከቴክኒሻንነት ተነስቼ የስልክ ታወር የሚተከልበትን ቦታ ወደ መምረጥ አድጌ ነበር። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሽቦ በላዩ የሚያልፍ ቦታ አየሁና ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ለካ ቅርብ ያለው ትራንስፎርመር አቅሙ ሞልቷል። አዲስ ትራንስፎርመርና የኬብል ቁፋሮ በጀቱን በላው። ማንም አልዋሸኝም፤ አልጠየቅኩም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ላይ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው ትራንስፎርመሩን ነው።

አባትሽ በፍቅር እንደሚናገሩ አይጠፋኝም። ግን ቦታውን የመረጡት ስላላቸው ነው፤ ይሄ ምርጫ አይባልም። ሥራ አስኪያጅነቱስ የምን ነው፣ የአንድ ቻርጀር? ከከሰረ የእሳቸው ቁጠባና ያንቺ ደመወዝ በአንድ ቀን ይጠፋሉ።

ስለዚህ ብሎኑን አጥብቂ። አንድ ዓመት ይበቃሻል። ቻርጀር ለምን እንደሚከስር የሚያውቀው ሊጠግነው የሚሄደው ሰው ነው። ኬብሉ አጥሮ መኪናው ጋ አይደርስም። ቦታውን የነዳጅ መኪና ይዞታል። ኔትወርክ የለም፤ ክፍያው እምቢ ይላል። አንዱ ዓይነት ሶኬት ብቻ ተተክሎ የአካባቢው መኪኖች ሌላ ዓይነት ናቸው። በሄድሽበት ሁሉ ማስታወሻ ያዢ፦ በቀን ስንት መኪና መጣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ አጠገቡ ምን አለ። ይህን ደብተር የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥሽም።

ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ አሁን እርሺው። ሶፍትዌር ልማር ወይ ላልሽው፣ ኦሲፒፒን አንብቢ፤ ቻርጀርና ማዕከላዊው ሲስተም የሚነጋገሩበት ክፍት ቋንቋ ነው። እሱን የማይችል ቻርጀር በሻጩ ሲስተም ብቻ ታስሮ ሊቀር ይችላል። ሴት ቴክኒሻን ይቀበሉኛል ወይ? መጀመሪያ ሳምንት ያፈጡብሻል፤ የሞተ ቻርጀር ስታስነሺ ይተዉሻል።

ለድርጅቱ መልስ የምትሰጪው አርብ ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት ከአባትሽ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። የቆመውን መኪና ብቻ ቁጠሩ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየም ጻፉ። ሲመሽ አንድ ጊዜ ተመለሱና አካባቢው መብራት እንዳለው እዩ።