ጠያቂና መላሽ፦ ለሳይንስ ተማሪ የሚሰጠው ግራንት ማን ጋ ነው ያለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። በዲቪ ነው የመጣነው፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል እኔ ሆቴል እሰራለሁ። ትልቋ ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምራለች፣ ግን ማታ ማታ ካፌ ስለምትሰራ አልቻለችም ካልኩለስን ድሮፕ አደረገች። ወንድሟ አስራ አንደኛ ክፍል ነው እሱም ሳይንስ ነው የሚወደው። ቤተክርስቲያን የማውቃት አንዲት ልጅ መንግስት ጥቁሮችና ሴቶች ሳይንስ እንዲማሩ ግራንት ይሰጣል አለችኝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እሱማ ትራምፕ ሲመጣ ተዘጋ አለኝ፣ አባትየው የድሃ እርዳታ ነው ተይው ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩዎት። አሜሪካ ውስጥ ለሳይንስ ምርምርና ትምህርት ብር ከሚሰጡት ትላልቅ የመንግስት መስሪያ ቤቶች አንዱ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ኮንግረስ ባወጣው ህግ ሴቶችና በሳይንሱ ውስጥ ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖች በብዛት እንዲገቡ እንዲሰራ ሃላፊነት ተሰጥቶታል። ከዛ በኋላ ብዙ ፕሮግራም መጣ፣ ለምሳሌ በ1991 የተጀመረው ኋላ ላይ በኦሃዮው የኮንግረስ አባል በሉዊስ ስቶክስ ስም የተሰየመው አለ፣ ኮሌጆች ተባብረው ጥቁር፣ ሂስፓኒክና የአገሬው ነባር ተወላጅ ተማሪዎችን በሳይንስ እንዲያስመርቁ የሚረዳ ነው። በኤፕሪል 2025 ግን መስሪያ ቤቱ አንዱን ወገን ለይቶ የሚጠቅም ፕሮጀክት ከአሁን በኋላ አልደግፍም ብሎ ብዙ ግራንት ከመሃል አቋረጠ። እኔ ይሄ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሰው ተቀጥሮበት ተማሪ ተመዝግቦበት የተጀመረ ስራ ነው እንዲህ የቆመው።

ለልጅዎ የሚቀርባት ግን ሌላ ነው፣ የዚሁ የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ነው፣ ኤስ-ስቴም ይባላል። ይሄ ስኮላርሺፕ የቆዳ ቀለምም ጾታም አይጠይቅም። የሚያየው የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ነው ወይ፣ ተማሪዋ ችሎታው አላት ወይ፣ የምትማረውስ ከተፈቀዱት የሳይንስ፣ የኢንጂነሪንግ፣ የሂሳብ ወይም የኮምፒውተር ትምህርቶች ነው ወይ የሚለውን ነው። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም በሪፊውጂነት የገባ ሰው ይችላል፣ እናንተ በዲቪ ስለመጣችሁ በዚህ በኩል ችግር የለባትም። በ2022 በወጣው መመሪያ መሰረት ለባችለር ተማሪ በአመት እስከ 15,000 ዶላር ይደርሳል፣ ከሌላው እርዳታ በኋላ ከቀረው ጉድለት በላይ ግን አይሰጥም። ሎን ስላልሆነ አይመለስም። ነርሲንግና ፋርማሲ አይካተቱም፣ ይሄን የምለው ልጆቻችን ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ወደ ነርሲንግ ስለሚዞሩ ነው።

ለአባትየው ደግሞ ይሄን ይንገሩልኝ። የኤስ-ስቴም ብር የሚመጣው ካምፓኒዎች የውጭ አገር ባለሙያ በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ሲቀጥሩ ከሚከፍሉት ክፍያ ላይ ነው። ኮንግረስ በ1998 ይሄን ክፍያ ሲደነግግ ከውጭ ባለሙያ የሚያመጣ አሰሪ እዚህ ላለው ልጅ ማስተማሪያም ያዋጣ ነው ነገሩ። ልመና የሚባል ነገር የለበትም። ልጅቷ ካፌ ቆማ የምታመሸውን ሰአት ለካልኩለሱ የሚመልስላት ብር ነው።

አሁን ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ጋ ደረስን። ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የኤስ-ስቴምን ብር ለተማሪ በቀጥታ አይሰጥም። ፕሮፌሰሮች ፕሮፖዛል ጽፈው ይወዳደራሉ፣ ያሸነፈው ኮሌጅ ብሩን ይወስዳል፣ ተማሪ የሚመርጠውም ኮሌጁ ነው። ኮሌጁ የራሱን ስም ሊያወጣለት ስለሚችል ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ኤስ-ስቴም አለ ወይ ብትሉ አናውቀውም ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ሰው ደግሞ እዛው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። እንዲህ ታድርግ፦ የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ዌብሳይት ላይ አዋርድ ሰርች (Award Search) የሚለውን ትክፈት፣ በእንግሊዝኛ S-STEM ብላ ትጻፍና ስቴቱ ላይ ሜሪላንድ ትምረጥ። የሚወጣው ዝርዝር ላይ የኮሌጁ ስም፣ ሃላፊው ፕሮፌሰር ማን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደተፈቀደ፣ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ሁሉ አለ። ጊዜው ካላለፈ ለፕሮፌሰሩ በቀጥታ ኢሜይል ትላክ፣ አጭር ይሁን፣ ስሜ እገሊት ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው፣ ፋፍሳ (የመንግስት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ፎርም) ሞልቻለሁ፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ቦታ አላችሁ ወይ፣ ትራንስፈር ተማሪስ ትቀበላላችሁ ወይ ትበል፣ በቃ። ይሉኝታ እዚህ ጋ አያዋጣም፣ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ። የራሷ ኮሌጅ ባይኖረው እንኳን ትራንስፈር የምታደርግበት ዩኒቨርሲቲ ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱንም ትፈልግ። ድሮፕ ያደረገችውን ኮርስ ከጠየቋት ማታ እሰራ ነበር ብላ እውነቱን ትናገር፣ ፕሮግራሙ የተፈጠረው ለሷ አይነቷ ነው። ስንት ክሬዲት መያዝ እንዳለባት ግን ቀድማ ትጠይቅ።

የወንድምየውን ነገር ደግሞ አሁኑኑ አስቡበት። ከናንተ ብዙም የማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ማየርሆፍ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ሳይንስ ተምሮ እስከ ፒኤችዲ መሄድ ለሚያስብ የሃይስኩል ተመራቂ ነው። በ1988 ባለሃብቱ ሮበርት ማየርሆፍ በሰጠው ብር የተጀመረ ነው፣ የመሩት ደግሞ በ12 አመታቸው በርሚንግሃም ላይ ለሰብአዊ መብት ሰልፍ ወጥተው የታሰሩት የሂሳብ ሰው ፍሪማን ህራባውስኪ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 19 ጥቁር ወንዶች ነበሩ፣ ከ1990 ጀምሮ ሴቶች ገቡ፣ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ እስከ ዛሬም ብዙ ጥቁር ሳይንቲስቶች ያፈራል። እኔ ከብሩ በላይ የምወድላቸው አሰራሩን ነው። ኮሌጅ ከመጀመራቸው በፊት በክረምት ሰብስበው ሂሳብ ያስጀምሯቸዋል፣ በግሩፕ ካላጠናችሁ ይሏቸዋል፣ ገና በጊዜ የምርምር ላብራቶሪ ያስገቧቸዋል። የኛ ልጆች ሲከብዳቸው አፍረው ለብቻቸው ክፍል ዘግተው ነው የሚያጠኑት፣ ሰው መጠየቅ ስንፍና ይመስላቸዋል፣ ከዛ ድሮፕ ያደርጋሉ። ልጅዎ ስኮላርሺፑን እስክታገኝም ቢሆን ካልኩለሱን መልሳ ስትወስድ ቢያንስ ሁለት ሶስት የክፍሏን ልጆች ይዛ ታጥና፣ የኮሌጁ ቱተሪንግ ሴንተር ነጻ ከሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ትሂድ።

አራት አመት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ማክኔር የሚባለውን ፕሮግራም ትጠይቅ፣ በ1986 ቻሌንጀር ላይ በሞተው ጥቁር አስትሮኖት በሮናልድ ማክኔር ስም ነው የተሰየመው። ብሩ ከትምህርት ሚኒስቴራቸው ነው፣ ወላጆቹ ዲግሪ የሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነን ተማሪ ለፒኤችዲ ያዘጋጃል።

ጥያቄ፦ እኔ በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ ቴክሳስ ኬሚስትሪ ሶስተኛ አመት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። እነዚህ ነገሮች ለኔ ይሆናሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤስ-ስቴም አይሆንህም፣ በናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ብር የሚከፈልበት የክረምት ሪሰርች ፕሮግራምም ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው፣ አፕሊኬሽን እየሞላህ ጊዜህን አታቃጥል። ያንተ በር ፕሮፌሰሩ ነው። ካምፓስ ውስጥ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰአት መስራት ስለሚፈቀድልህ ላብራቶሪ ያላቸውን የዲፓርትመንትህን ፕሮፌሰሮች ስራቸውን አንብበህ አናግራቸው። ለግራጅዌት ስታመለክት ደግሞ ማስተርስ ላይ ፈንድ ማግኘት ከባድ ነው፣ በቀጥታ ለፒኤችዲ አመልክት፣ አሜሪካ ላይ ከባችለር በቀጥታ ይገባል። በኬሚስትሪ ፒኤችዲ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በቲቺንግ ወይም በሪሰርች አሲስታንትነት ትምህርቱን ይሸፍናሉ፣ ደሞዝም ይከፍላሉ፣ ለዚህ ዜግነት አይጠይቁህም። የማመልከቻ ክፍያ ከከበደህ ፊ ዌቨር ስጡኝ፣ ማለትም ክፍያውን ማሩኝ ብለህ ጻፍላቸው፣ የሚሰጡ አሉ።