የጌም ሞኒተር ልትገዙ ነው? ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰሞኑን ስለ ሞኒተር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በአንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ስትጠይቁ ያላችሁን ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተሩ ውስጥ የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) እና የምትጫወቱትን ጌም ጻፉልኝ። እነሱን ሳላውቅ የምሰጣችሁ መልስ ግምት ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ከ60 ሄርዝ ወደ 144 መቀየር ያን ያህል ልዩነት አለው ወይስ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያካብደው?

መልስ፦ አለው። 60 ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን ያድሳል ማለት ነው። በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል። 144 ላይ ይሄ ወደ 6.9 ይወርዳል። 240 ላይ ደግሞ 4.2 ይሆናል። እስቲ አስላው፤ የመጀመሪያው ዝላይ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቆጥብልህ፣ ሁለተኛው 3 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ 144 ላይ ለመድረስ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የተኩስ ጌም በቁም ነገር ለሚጫወት ሰው ነው። እኔ ራሴ ልዩነቱ መጀመሪያ የገባኝ ጌም ውስጥ አይደለም፤ ዴስክቶፑ ላይ የማውሱን ቀስት ሳንቀሳቅስ ነው።

ግን ካርድህ በሰከንድ 70 ፍሬም (ምስል) ብቻ የሚያወጣ ከሆነ 240 ሄርዝ ሞኒተር ገዝተህ ምን ልታደርገው ነው? ሞኒተር የተሰጠውን ያሳያል እንጂ ፍሬም አይፈጥርም።

ጥያቄ፦ እኔ 144 ሄርዝ ከገዛሁ ቆይቻለሁ፤ ምንም ለውጥ አላየሁም። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አትናደድ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲስ ሞኒተር ሲሰካ 60 ላይ ይተወዋል። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግባ፤ ከታች አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚል አለ። እዚያ ሪፍሬሽ ሬቱ ስንት ይላል? 144 ከምርጫው ውስጥ ከሌለ ኬብሉን ጠርጥር፤ የድሮ ኤችዲኤምአይ ሊሆን ይችላል። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው የኬብል ዓይነት ካለህ በእሱ ሞክር። ደግሞ ኬብሉ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን እይ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ "ካርዴ ተበላሸ" የሚል ሰው በየወሩ አይጠፋም። አይተህ ንገረኝ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሞኒተር ልገዛለት ነው። ሻጩ 4ኬ ካልሆነ አትግዛ አለኝ። ኮምፒውተሩ መካከለኛ ነው ይላል ልጁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሻጩ ለራሱ ኪስ እንጂ ለልጅዎ ኮምፒውተር አላሰበም። ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው ፉል ኤችዲ 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች አሉት። 1440 የሚባለው 3.7 ሚሊዮን አለው። 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ሲሠራ ይሄን ሁሉ ነጥብ መሙላት አለበት። 4ኬ ሲገዙ ማሽኑን የፉል ኤችዲውን አራት እጥፍ ሥራ ያሸከሙታል ማለት ነው። መካከለኛ ካርድ ይሄን ይዞ መሮጥ አይችልም፤ ልጁ ምስሉ ጥርት ያለ ግን የሚንቀጫቀጭ ጌም ይተርፈዋል። ልጁን የካርዱን ስም ይጠይቁትና ይጻፉልኝ። እስከዚያው ግምቴ ፉል ኤችዲ ወይም 1440፣ ከ144 ሄርዝ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ልውሰደው?

መልስ፦ እኔ አልወስደውም። ፉል ኤችዲ 27 ኢንች ላይ ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 82 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ጽሑፍ ስታነብ ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ይታይሃል። 24 ኢንች ላይ ወደ 92 ይጠጋል፣ ያ ይበቃል። 27 ከፈለግክ 1440 ያለው ፈልግ፤ 109 ይደርሳል። ለእኔ እሱ ነው የልኩ ቦታ። ርቀህ ተቀምጠህ የምትጫወት ከሆነ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ከሩቅ አይታይም።

ጥያቄ፦ አይፒኤስ፣ ቪኤ፣ ኦሌድ... ግራ ገብቶኛል። አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ጨለማ የበዛባቸው አስፈሪ ጌሞች ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ!

መልስ፦ ጥያቄሽ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የፓነል (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ አካል) ምርጫ ዋናው ጣጣ ያለው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

አይፒኤስ ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ከጎንም ብታዪው አይቀየርም፣ ፍጥነቱም አይታማም። ችግሩ ጥቁሩ ነው። ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ገደማ ብቻ ይደምቃል። በቀን አይታወቅሽም። መብራት ስታጠፊ ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ማዕዘኖቹ ላይም ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይወጣል። ጭራቁ ከጨለማ ሲወጣ ሳይሆን ከአመድ ሲወጣ ታዪዋለሽ።

ቪኤ እዚህ ላይ ይሻላል፤ 3000 እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ግን ርካሾቹ ቪኤዎች ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየሩ ቀርፋፋ ናቸው። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ካሜራውን በፍጥነት ስታዞሪ ጥላው እንደ ጥቀርሻ ይጎተታል። አንዳንዱ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔን ያሳብደኛል።

ኦሌድ ሌላ ዓለም ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ብርሃን ስላለው ጥቁር ሲሆን ጭራሽ ይጠፋል። ፍጥነቱም አቻ የለውም። ዋጋው ይነክሳል። ሌላው ስጋት ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ነገር፣ ለምሳሌ የዊንዶውስ ታስክባር ወይም የጌሙ ካርታ፣ እንደ ማህተም ታትሞ ሊቀር መቻሉ ነው። ቀኑን ሙሉ የቢሮ ሥራ ከሠራሽበት አስቢበት። ለማታ ጌም ብቻ ከሆነና አቅሙ ካለሽ ግን ለአንቺ ከእሱ የሚሻል የለም።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ላይ "1 ሚሊሰከንድ" ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነትም ውሸትም ነው። ቁጥሩ ፒክስሉ ቀለም ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚገኘው ፒክስሉ ቶሎ እንዲቀየር የሚገፋውን ኦቨርድራይቭ የሚባል ቅንብር እስከ መጨረሻ ሲጨምሩት ነው። እዚያ ላይ ስታደርገው የሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጭራ ያወጣል። መካከለኛው ላይ አድርገህ ተጫወት፣ ሳጥኑንም እርሳው።

ጥያቄ፦ ካርዴ የኤንቪዲያ ነው፤ ሞኒተሩ ፍሪሲንክ ይላል። አይሄዱም ማለት ነው?

መልስ፦ ድሮ አይሄዱም ነበር። ፍሪሲንክም ሆነ የኤንቪዲያው ጂ-ሲንክ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ ካርዱ ፍሬም ሲዘገይ ሞኒተሩ ይጠብቀዋል፣ ሲፈጥን አብሮት ይፈጥናል። ያ ከሌለ ምስሉ መሃል ላይ የተቀደደ ይመስላል። ኤንቪዲያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጂ-ሲንክን ሲያስተዋውቅ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱ መሣሪያ እንዲገባ ይጠይቅ ስለነበር ዋጋው ይወደድ ነበር። ከጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ጂቲኤክስ 10 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ካርዶቹ ከፍሪሲንክ ሞኒተሮች ጋር በዲስፕሌይፖርት ይሠራሉ። የኤንቪዲያን መቆጣጠሪያ ከፍተህ ማብራትህን ብቻ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ለፕሌይስቴሽን 5ስ?

መልስ፦ ኮንሶሉ ዲስፕሌይፖርት የለውም፣ ስለዚህ ዓይንህ ኤችዲኤምአዩ ላይ ይሁን። 4ኬ በ120 ሄርዝ ከፈለግክ ኤችዲኤምአይ 2.1 ግድ ነው። ከላይ ያወራነው የሞኒተርና የካርድ መጠባበቅም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የሚሠራው በኤችዲኤምአይ 2.1 በኩል ብቻ ነው፤ ፍሪሲንክ የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። 1440ን ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ ኤችዲአር 400 ለሚል ትንሽ ጨምሬ ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። ኤችዲአር ማለት ደማቁንና ጨለማውን አራርቆ ማሳየት ነው። የስክሪኑን ክፍሎች ለየብቻ ማደብዘዝ የማይችል ሞኒተር ኤችዲአር ሲበራ ያው ደማቅ ግራጫ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ላፕቶፕ ይዘህ ሂድና ራስህ ሰካው። ስክሪኑን ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያደረግክ የሞተ ፒክስል ፈልግ። ጥቁሩ ላይ ክፍሉን አጨልምና ጠርዞቹን እይ። ኦሌድ ከሆነ ግራጫ አድርግበት፤ የታተመ ነገር ካለ እዚያ ላይ ያሳብቃል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አብርተህ ተወው፣ አንዳንድ በሽታ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ሻጩ "ቸኩያለሁ" ካለ አንተም ቸኩል፣ ወደ ቤትህ።

ጥያቄ፦ ቅድም 144 ገዝቼ ለውጥ አላየሁም ያልኩት ነኝ። አሁን አየሁት። 60 ላይ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ!

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ፤ ዛሬ በነጻ አዲስ ሞኒተር አገኘህ።