ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው። የፎገራ ላሜ የጉበት ትል ይዟታል ብሎ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ማዘዣ ጻፈልኝ። ከተማ ያለው መድኃኒት ቤት ግን ሌላ ስም ያለው ሰጠኝ፤ «ያው ነው» አለኝ። አንዱን ፍሬ አስዋጥኳት፤ አልተሻላትም፤ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ስም ቀይሮ መስጠት አያስከስስም ወይ?

መልስ፦ ላሟን በማጣትዎ አዝናለሁ። የላኩልኝን ሦስት ፎቶዎች አጉልቼ አየኋቸው፤ ማዘዣው፣ የተሰጠዎት ማሸጊያና ዓምና ከተጠቀሙበት የተረፈው ማሸጊያ። ስለ ስሙ ሻጩ አልዋሸም። ማዘዣውና የዓምናው ማሸጊያ ላይ ያለው የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው፣ ዘንድሮ የተሰጠዎት የሌላ። በሁለቱም ማሸጊያዎች ላይ ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው አንድ ነው፦ አልቤንዳዞል። በዚህ ብቻ ከከሰሱ ይረታሉ ብዬ አልመክርዎትም።

ቁጥሩን ግን ይዩት። የዓምናው 2500 ሚሊግራም ይላል፤ የዘንድሮው 300። ባለ 300ው በተለምዶ ለበግና ለፍየል የሚሰጥ ነው። ለጉበት ትል በኪሎ 10 ሚሊግራም ቢታሰብ፣ 250 ኪሎ ለምትመዝን ላም 2500 ያስፈልጋል። እርስዎ የሰጧት ከስምንት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻም አይደለም። ማዘዣው ላይ የንግድ ስሙና «1 ፍሬ» እንጂ ሌላ የለም፤ ጄነሪክ ስሙ (የመድኃኒቱ የራሱ ስም፣ አልቤንዳዞል)፣ ሚሊግራሙ፣ የላሟ ክብደት አልተጻፈም። ሻጩም መጠኑ ያልተጻፈበትን ማዘዣ ሳይጠይቅ አስተናገደ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ማክበር አለበት ይላል፤ ሁለቱም ጥፋተኛ ከተባሉ በአንቀጽ 2155 መሠረት ካሳውን በአንድነትና በነጠላ ይጠየቁበታል፤ ሙሉውን ከአንዳቸው መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው።

ከባዱ ነገር ላሟን የገደላት የመድኃኒቱ ማነስ መሆኑን ማስረዳት ነው። ሳትከፈትና ጉበቷ ሳይታይ ከተቀበረች የሚቀርልዎት የባለሙያ አስተያየት ነው፤ እበቷ ተመርምሮ ከነበረ ውጤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለሻጩም ቅሬታዎን ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ይስጡት፤ ሽያጭ ነውና መዘግየት ይጎዳዎታል። ከውል ውጭ ለሚጠየቅ ካሳ ደግሞ ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው (አንቀጽ 2143)።

የመድኃኒት ቤቱን አሠራር በተመለከተ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ፤ የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር ዛሬ በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። ለወረዳዎ የእንስሳት ጤና ቢሮ ማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከክሱ በፊት ይህን ቢያደርጉ እመርጣለሁ፣ ተቆጣጣሪው የሚጽፈው ሪፖርት ፍርድ ቤት ይጠቅምዎታልና።

አንድ ደንበኛዬ ማሸጊያውን ለምድጃ ማቀጣጠያ አድርጎት ነበር የመጣው። የዓምናውንም የዘንድሮውንም አይጣሉ።