ለኤሌክትሪሽያን ፈቃድ ፈተና ለምትዘጋጁ ወገኖች

አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ተሰማርታችሁ የጆርኒማን (የልምምድ ጊዜውን የጨረሰ ባለሙያ) ፈቃድ ለማውጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሙያው በቆየሁባቸው ዓመታት እጃቸው የተባረከ፣ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ሲያጥፉ የሚያስቀኑ፣ የፓኔል ሽቦ ሲያስሩ እንደ ጥልፍ የሚያሳምሩ ባለሙያዎች ፈተናው ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። በሥራው ገና ያልበሰለ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ሙከራ ሲያልፍ አይቻለሁ። ፈተናው የሚለካው ሽቦ መዘርጋት መቻላችሁን አይደለም፤ ሕጉን ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጋችሁ፣ በትክክል አንብባችሁ፣ ሰዓት እየቆጠረባችሁ መወሰን መቻላችሁን ነው። ይህን ሳይረዱ የሚዘጋጁ ሰዎች ብዙ ወራት ያባክናሉ።

ከመጽሐፉ በፊት ግን የሥራ ሰዓታችሁን አስመዝግቡ። ቴክሳስ ለጆርኒማን 8,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ለፈተና መቀመጥ የሚቻለው 7,000 ሲሞላ ነው። ዋሽንግተን ስቴትም 8,000 ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4,000ው በንግድ ወይም በኢንዱስትሪ ሕንፃ የተሠራ መሆን አለበት፤ ዕድሜውን በሙሉ መኖሪያ ቤት ብቻ ሲሠራ የቆየ ሰው እዚያ ይቸገራል። ቨርጂኒያ ከተለመዱት መንገዶች በአንዱ አራት ዓመት ልምድና 240 ሰዓት የክፍል ትምህርት ትፈልጋለች። ፔንሲልቬኒያ፣ ኢሊኖይና ኒው ዮርክ ደግሞ በስቴት ደረጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ፊላዴልፊያ፣ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ ከተማና የመሳሰሉት ናቸው። እኛ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ያለነው በአንድ ቀን ሦስቱንም ተሻግረን ልንሠራ እንችላለን፤ ፈቃዱ ግን የየራሱ ነው። ስለዚህ የጓደኛን ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከምትኖሩበት ስቴት ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የተጻፈውን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ።

የሰዓቱ ነገር የሚያስቆጨኝ ብዙ ወገኖቻችን በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላቸው ዓመታት ስለሚያልፉ ነው። ሥራው ተሠርቷል፣ ላቡ ፈስሷል፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። አሠሪው ኩባንያውን ዘግቶ ቢሄድ ወይም ፊርማ ቢከለክላችሁ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደመወዝ ወረቀታችሁንና የዓመቱን የግብር ሰነድ አስቀምጡ፤ በየስድስት ወሩም ፈቃድ ያለው አለቃችሁን የሠራችሁትን ሰዓት በጽሑፍ አስፈርሙ። ከአገር ቤት የቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ወይም የብቃት ማረጋገጫ ያላችሁም እንዳትጥሉት፤ ተቀባይነቱ እንደየስቴቱ ይለያያል፣ አስተርጉማችሁ ማቅረብ ግን ኪሳራ የለውም። ገና ለምትጀምሩ ወጣቶች የምመክረው የአፕረንቲስ (እየሠሩ የመማር) ፕሮግራምን ነው። ሠራተኛ ማኅበሩና ኮንትራክተሮቹ በጋራ የሚያካሂዱት የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥልጠና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ እየተማራችሁ ይከፈላችኋል፤ ሰዓታችሁም በሥርዓት ይመዘገባል። የመግቢያ ፈተናው አልጀብራና ንባብ ነው፤ እዚህ ላይ የአገር ቤት የሒሳብ ትምህርታችን ይጠቅመናል።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1897 የወጣ፣ ዛሬ የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በየሦስት ዓመቱ እያሻሻለ የሚያሳትመው ደንብ ነው። ስቴቶች ሁሉ አንድ እትም አይጠቀሙም፤ ፈተናችሁ በየትኛው እትም እንደሚሰጥ ሳታረጋግጡ መጽሐፍ አትግዙ። የሽቦ አቅም የሚነበብበት ዋናው ሠንጠረዥ በ2017 እትም በ310.15 ሥር ረጅም ቁጥር ነበረው፤ በ2020 ወደ 310.16 ተመለሰ። በ2023 ደግሞ በየአንቀጹ ተበትነው የነበሩት ትርጓሜዎች አንቀጽ 100 ውስጥ ተሰበሰቡ። በአሮጌ መጽሐፍ የተለማመደ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ አሮጌው ገጽ ነው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የ2023ቱን ይከተላሉ።

መጽሐፉን እንደ ልብ ወለድ ከፊት ወደ ኋላ አታንብቡት። መጀመሪያ አወቃቀሩን እወቁ። ከምዕራፍ 1 እስከ 4 ያሉት ለሁሉም ተከላ የሚሠሩ ናቸው፤ 5፣ 6 እና 7 ልዩ ቦታዎችን፣ ልዩ መሣሪያዎችንና ልዩ ሁኔታዎችን ይዘው የፊተኞቹን ያሻሽላሉ ወይም ይጨምሩባቸዋል፤ ምዕራፍ 8 የመገናኛ መስመሮች ነው፤ ምዕራፍ 9 ሠንጠረዦች። ጥያቄው የመዋኛ ገንዳ ሲል 680፣ ሞተር ሲል 430፣ ስለ መሬት ማስያዝ ሲል 250፣ ስለ መገናኛ ሳጥን ሲል 314 በራሱ ጊዜ ወደ አእምሯችሁ መምጣት አለበት። ቀሪውን ከጀርባ ያለው ማውጫ ያደርስላችኋል። በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት ጥያቄ እየተጠየቃችሁ ገጹን ብቻ ፈልጉ፤ መልሱን ሳትሠሩ። ፈተናው 80 ጥያቄ በአራት ሰዓት ቢሆን ለአንዱ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ገጹን ለማግኘት ሁለቱን ከጨረሳችሁ ማንበቢያ ጊዜ የላችሁም።

ለምን መሸምደድ እንደማያዋጣ በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ባለ ሦስት ፌዝ፣ 10 የፈረስ ጉልበት፣ 230 ቮልት ሞተር አለ፤ ሽቦውና ብሬከሩ ስንት ይሁን? ብዙ ሰው የሞተሩን ስም ሰሌዳ አይቶ ይጀምራል። ኮዱ ግን በ430.6 የሽቦና የብሬከር ስሌት ከሠንጠረዥ እንዲነሳ ያዛል፤ ሠንጠረዥ 430.250 ደግሞ 28 አምፔር ይላል። ለሽቦው በ430.22 መሠረት 125 በመቶ ሲወሰድ 35 አምፔር ይመጣል። ማያያዣዎቹ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈቅዱ ከሆነ ውፍረቱ 10 ቁጥር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሠንጠረዥ 310.16 ልክ 35 ይሸከማል። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ብሬከሩ ሲመጣ 430.52 እስከ 250 በመቶ ይፈቅዳል፤ 28 በ2.5 ሲባዛ 70 አምፔር።

10 ቁጥር ሽቦ በ70 አምፔር ብሬከር! «14 ቁጥር 15፣ 12 ቁጥር 20፣ 10 ቁጥር 30» ብሎ የሽቦውን ቁጥር ከብሬከሩ አምፔር ጋር የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ 30 የሚለውንም ይመርጣል፤ ፈታኞቹም መልሱን ከምርጫዎቹ መካከል አስቀምጠው ይጠብቁታል። ምክንያቱን ያወቀ ግን አይደነግጥም። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ያህል ሊስብ ስለሚችል ትንሽ ብሬከር ገና ሲበራ ይወድቃል። ትልቁ ብሬከር እዚያ ያለው ለአጭር ዙርና ለመሬት ብልሽት ነው፤ ሽቦውንና ሞተሩን ከመጠን ካለፈ ጭነት የሚጠብቀው ሌላ መሣሪያ፣ የኦቨርሎድ መከላከያው ነው፤ ስም ሰሌዳው ላይ ያለው አምፔር የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። የ30 አምፔሩን ገደብ የሚያስቀምጠው አንቀጽ 240.4 ራሱ ሞተርን ለይቶ ወደ 430 ይመራል። ይህን አንድ ጊዜ በደንብ የተረዳ ሰው የሞተር ጥያቄ በየትኛውም ቁጥር ቢመጣ ይሠራዋል።

የመሬት ማስያዣም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዥ 250.66 እና 250.122 የሚቀያየሩበት ተፈታኝ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ወደ መሬት ዘንግ ወይም ወደ ውሃ ቧንቧ ለሚሄደው ሽቦ ሲሆን የሚነበበው በዋናው መግቢያ ሽቦ ውፍረት ነው፤ ሁለተኛው ከመሣሪያዎች ጋር አብሮ ለሚሄደው አረንጓዴ ወይም ባዶ ሽቦ ሲሆን የሚነበበው በብሬከሩ አምፔር ነው። ጥያቄው የሰጣችሁን ቁጥር ተመልከቱ፤ የሽቦ ውፍረት ከሰጣችሁ ወደ አንዱ፣ አምፔር ከሰጣችሁ ወደ ሌላው ይመራችኋል። ኒውትራል (የጅረት መመለሻው ሽቦ) እና ግራውንድ (የመሬት ሽቦው) የሚገናኙት በዋናው መግቢያ ላይ እንደሆነና በንዑስ ፓኔል ውስጥ መለያየት እንዳለባቸውም አጥብቃችሁ ያዙ። ከተገናኙ የኒውትራሉ ጅረት በብረት ሳጥኑና በቱቦው ሁሉ ይመለሳል፤ ሰው ደግሞ ብረቱን ይነካል።

የቤት ጭነት ስሌት የተፈራውን ያህል አይከብድም። ስፋቱ 2,000 ስኩዌር ጫማ የሆነ ቤት ለመብራትና ለአጠቃላይ ሶኬት በ3 ቮልት አምፔር ሲባዛ 6,000 ይሆናል፤ ለሁለቱ የወጥ ቤት መስመሮች 3,000፣ ለልብስ ማጠቢያው 1,500 ሲጨመር 10,500። የመጀመሪያው 3,000 በሙሉ ይወሰዳል፤ የቀረው 7,500 በ35 በመቶ 2,625 ነው፤ ድምሩ 5,625። ምድጃና ማድረቂያ በራሳቸው ሠንጠረዥ ይታከላሉ። ይህን በወረቀት ላይ እጃችሁ እስኪለምድ ሥሩ፤ በአባሪው ውስጥ ያሉትን የተሠሩ ምሳሌዎችም አትለፏቸው።

በአገር ቤት ወይም በዓረብ አገር የሠራችሁ ባለሙያዎች ልምዳችሁ ሀብት ነው። ነገር ግን እጃችሁ በ220 ቮልትና ብዙ ጊዜ በ50 ኸርዝ የለመደውን እዚህ መለየት አለባችሁ። እዚህ ቤቱ 120 እና 240 ቮልት ነው፤ ጥቁር ሽቦ ፌዝ (ኃይል የያዘው)፣ ነጭ ኒውትራል ነው። ሰማያዊን ኒውትራል አድርጎ የለመደ ሰው ሰማያዊው ሽቦ ፌዝ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሳያጠፉ መሥራት ነው። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል ባለሙያ ስሰማ ልቤ ይሰጋል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ብሬከሩን አጥፉ፣ በራሳችሁ ቁልፍ ቆልፉ፣ ስማችሁን የያዘ ምልክት አንጠልጥሉ። ከዚያም መለኪያችሁን ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ የምትነኩትን መስመር ለኩ፣ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ቦታ እንደገና ለኩ። ባትሪው ያለቀ መለኪያ ሁሉንም መስመር «ኃይል የለውም» እንደሚል አትርሱ። የደኅንነት ጥያቄዎች በፈተናው ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ለፈተናው ብላችሁ ብቻ አታጥኗቸው። ልጆቻችሁ ማታ ይጠብቋችኋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ተራው ብሬከር ሰውን አያድንም፤ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው። ከአንድ አምፔር በእጅጉ ያነሰ ጅረት የሰውን ልብ ሊያቆም ይችላል፤ 15 አምፔር ብሬከር ግን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰውን የሚጠብቀው ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. የሚባለው ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር የሚሆን ጅረት ከመንገዱ ሲወጣ ያቋርጣል። ኤ.ኤፍ.ሲ.አይ. ደግሞ እሳት የሚያስነሳውን ብልጭታ ይለያል። 210.8 እና 210.12 ስትደርሱ ይህን ልዩነት ይዛችሁ አንብቡ፤ የቦታዎቹ ዝርዝር ለምን ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ፣ ጋራዥ እያለ እንደሚሄድ ይገባችኋል።

የጥያቄ ባንክ በዋትስአፕና በቴሌግራም ይዘዋወራል። ለልምምድ ተጠቀሙበት፤ ከመጽሐፉ አንቀጹን ሳታገኙ ግን አንድም መልስ አትመኑ። ከአሮጌ እትም የተቀዱ፣ መልሳቸው የተሳሳተ ብዙዎች ናቸው። ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስባችሁ ብታጠኑ ይሻላል፤ ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፣ ንባቡ ግን ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ይነሳ። የኮዱ ዐረፍተ ነገሮች ረጃጅም ናቸው፤ ዋናውን ሕግ ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ የተዘረዘሩትን የተለዩ ሁኔታዎች ሳታዩ ገጹን አትግለጡ፤ ብዙ ጥያቄ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሠርተፊኬት ሳይኖራችሁ የወገን ቤት ምድር ቤት ያለ ፈቃድ እንድትሠሩ የሚለምኗችሁ ዘመዶች ይኖራሉ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እሳት ቢነሳ ግን ባለቤቱ ከኢንሹራንሱ ጋር መጣላቱ ብቻ ሳይሆን የእናንተም የፈቃድ ማመልከቻ አደጋ ላይ ይወድቃል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈልጉላቸው፣ በእርሱ ሥር ሥሩ፤ ሰዓታችሁም ይቆጠራል።

ለፈተናው ቀን፣ ስትመዘገቡ ስማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር በፊደል ደረጃ መግጠሙን አረጋግጡ። የአባትና የአያት ስም በእኛ ሰነዶች ላይ ስለሚቀያየር፣ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መካከለኛ ስም፣ ሌላው ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል፤ በር ላይ የሚመለሱ አሉ። የልምድ ደብዳቤያችሁም በዚያው ስም ይጻፍ። መጽሐፍ ይዞ መግባት በሚፈቀድበት ስቴት የሚፈቀደው የምልክት ወረቀት ዓይነት፣ ማስመርና የእጅ ጽሑፍ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በተፈታኞች መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ የሚነቀል ምልክትና የተሰካ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። መጀመሪያ ቀላሎቹን ሥሩ፣ ስሌቶቹን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ በመጨረሻ ተመለሱባቸው፤ ባዶ የተተወ መልስ ነጥብ ስለማያስገኝ ያልታወቀውንም ገምታችሁ ሙሉ። ሳታልፉ ከቀራችሁ እዚያው መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ የከበዷችሁን ርዕሶች፣ ጥያቄዎቹን ሳይሆን ርዕሶቹን፣ ጻፉ፤ የሚቀጥለው የጥናት ሳምንታችሁ ከእነርሱ ይጀምር።